ማክሰኞና ሐሙስ ቤት ነኝ

ቤት ሆኖ መሥራት የሚሉትን ነገር መጀመሪያ ማን እንዳመጣው አላውቅም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ የሰውየው አባት የድጓ መምህር አልነበረም።

የእኔ አባት ነው። ካህንም ነው። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ክንፈ ይለዋል። ግቢያችን ውስጥ ካለችው ወይራ ሥር ተማሪዎቹን አስቀምጦ ከጧት እስከ ማታ ዜማ ያስቀጽላል። እኔ ደግሞ ጠበቃ ነኝ፤ ደምሰው እባላለሁ። አላገባሁም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴን ብቻውን ላለመተው አብሬው እኖራለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የምነግራችሁ ነገር የሆነው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ቢሯችን ፒያሳ ነው፤ ከፋርማሲ በላይ፣ ሁለት ክፍል። አንዱ ክፍል የአለቃችን የጋሽ ዘውዱ ነው። ሁለተኛውን እኔ፣ ጸሐፊያችን ትርንጎና ጎንደር ውስጥ የተጣላ ሰው ሁሉ እንጋራዋለን። የክስ መልስ ስጽፍ ወረፋ የሚጠብቀው ባለጉዳይ በትከሻዬ በኩል ያነባል። አንዱማ ፊደል አርሞኛል።

ታዲያ ጋሽ ዘውዱ አዲስ አበባ ልጁን ሊጠይቅ ሄደና ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። የልጁ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግማሹን ሳምንት ቤታቸው ነው አሉ የሚሠሩት። «ከዛሬ ጀምሮ» አለን፣ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቢሮ። ማክሰኞና ሐሙስ ሁሉም ቤቱ ሆኖ ይሥራ። ዘመኑ እንዲህ ነው።»

«ማክሰኞ ባለጉዳይ ሲመጣ ከወንበሮቹ ጋር ላስተዋውቀው?» አለች ትርንጎ።

ጋሽ ዘውዱ አልሳቀም።

ስለ ትርንጎ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ሰው ቢሯችን ሲገባ ገና ሳይቀመጥ ሁለት ነገር ትጠይቀዋለች። «ስምዎ ማን ነው? የተጣሉት ከማን ጋር ነው?» ከዚያ መዝገቧን ታገላብጣለች። የተጣላው ሰው አስቀድሞ የእኛ ደንበኛ ከሆነ፣ አዲሱን ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከበር ትመልሰዋለች። ጠበቃ የሁለት ተከራካሪ ምስጢር መስማት የለበትማ። እኔ ይህን ሥራዋን እንደ በር ጠባቂነት ነበር የማየው። ዋጋውን ያወቅሁት ትርንጎ የሌለችበት ቤት ስቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ አዲስ አበባ ካለ ባለጉዳይ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ነበረኝ። ኮምፒውተሩን መስኮቱ ሥር አደረግሁ፣ ኮቴን ለበስሁ፣ ከረባቴን አሠርሁ። ከወገቤ በታች ያለውን አትጠይቁኝ። ሰውየው ስለ ውል ማፍረስ ሲያስረዳኝ ውጭ ተማሪዎቹ በአንድ አፍ ዜማውን አነሡት። «ይቅርታ፣ ቤተ ክርስቲያን ነዎት?» አለኝ። «ቢሮ ነኝ» አልሁ። ይህን ስናገር አባቴ ጥምጥሙን እያስተካከለ ገባ። ስክሪኑ ላይ ሰው አየ። ሰው አይቶ ሳይባርክ አያልፍም። መስቀሉን አውጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ዘረጋው። ሰውየው ከዚያ ማዶ አንገቱን ሰብሮ ግንባሩን ወደ ካሜራው አስጠጋ። ከዚያ በኋላ ስለ ውል ማፍረስ ማን ያወራል?

አባቴ ቤት የተቀመጠ ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ አያምንም። «ደምሰው፣ እንዲያው ከተቀመጥህ አይቀር…» ብሎ ይጀምራል። እንዲያው ከተቀመጥሁ አይቀር አንዲት ጎረቤት የአጥር ክርክር አለባት። እንዲያው ከተቀመጥሁ አይቀር የደብሩ ገበዝ ማመልከቻ ሊያጽፍ ይፈልጋል። ከቅዳሴ መልስ ወሬው ተነዛ፤ የየኔታ ልጅ ማክሰኞና ሐሙስ ቤት ነው ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት በራችን ላይ ሰው ይቀመጥ ጀመር።

እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር። ቢሮ ሰው የሚፈልገው ጋሽ ዘውዱን ነው። «ትልቁ ጠበቃ የሉም?» ብሎ እኔን አልፎ ያያል። እቤት ግን የሚፈለገው እኔ ነኝ። ሲፈልጉት የማይወድ ሰው ማን ነው? ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ረቡዕ ከቢሮ ልወጣ ስል ጋሽ ዘውዱ ፋይል ሰጠኝ። «የአያ ሞላ ጉዳይ ነው፣ የኮላ ድባው ገበሬ። ሰኞ የተከሳሿ ምስክሮች ይሰማሉ። የምትጠይቃቸው አንተ ነህ። ነገ ቤትህ ሆነህ በጸጥታ አንብበው» አለኝ።

በጸጥታ! አባቴን አያውቀው።

ሐሙስ ጧት ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሁት። ገና ሳልከፍተው አባቴ በመስኮት ብቅ አለ። «ደምሰው፣ የሙሉ እናት መጥታለች። እንዲያው ከተቀመጥህ አይቀር ስማት።»

የሙሉ እናት ባሏ ሞቶባት ከገጠር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከልጇ ከሙሉ ጋር ትኖራለች። ሰፈሩ የሙሉ እናት ይላታል እንጅ ስሟን የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም ነበር። የማውቀው፣ እናት የሌለው ቤት መሆናችንን አይታ በዓል በመጣ ቁጥር ወጥ ይዛ የምትመጣልን እሷ መሆኗን ነው። «ሁለት ወንድ ብቻውን በዓል አይውልም» ትላለች።

ገባች። ከፌስታል ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ያልከፈትሁት ፋይል ላይ አስቀመጠችው።

መጠየቅ ነበረብኝ። ስሟን፣ የተጣላችውን ሰው ስም። ሁለት ጥያቄ ብቻ። እኔ ግን «ይቀመጡ እናቴ፣ ይንገሩኝ» አልሁ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነኝ!

ነገረችኝ። ከሁለተኛው ባሏ ልጅ አልወለደችም። ባሏ በሞት አልጋ ላይ ሳለ የእሱን የመሬት ድርሻ ለእሷ ተናዘዘላት። አራት ምስክር ተጠራ። ቅዳሜ ዕለት ኑዛዜው ሲነበብ የተገኙት ግን ሦስቱ ናቸው። አራተኛው፣ የንስሐ አባታቸው አባ ጥሩነህ፣ እንፍራንዝ ተዝካር ሄደው አልደረሱም። የደረሱት በማግስቱ ነው። ያን ጊዜ የበሽተኛው አንደበት ተይዟል። አባ ጥሩነህ ወረቀቱን አዩትና «ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ለእኔም ነግሮኛል» ብለው ፈረሙ። ማክሰኞ ሰውየው አረፈ።

«አሁን ወንድሙ ከሶኛል» አለችኝ። «ኑዛዜው አይጸናም ይላል። ሰኞ አባ ቀርበው ይመሰክራሉ። ቅዳሜ የት ነበሩ ቢሏቸውስ? አባ አይዋሹም። ዋሹልኝም አልላቸው። ይህን ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ልጄ። አንተ የየኔታ ልጅ ነህ ብዬ ነው። ይጎዳኛል?»

ሕጉ እንዲህ ነው። ኑዛዜው ሲነበብ ምስክሮቹ ሁሉ አብረው መኖር አለባቸው። አንዱ ከጎደለ፣ የሟቹ ቃል እውነት ቢሆንም ወረቀቱ ይወድቃል። ይጎዳታል ወይ? አንድ ጥያቄ ይበቃታል። አባ፣ ቅዳሜ ዕለት የት ነበሩ? ከዚያ ወዲያ ጠበቃው ቢፈልግ ወጥቶ ምሳውን ይብላ።

ይህን እያሰላሰልሁ «ወንድምየው ማን ይባላል?» አልኋት።

«ሞላ ነው። ፒያሳ፣ ከፋርማሲው በላይ፣ ትልቅ ጠበቃ ይዟል አሉ።»

ወረቀቷን ቀስ ብዬ አነሣሁና ከሥሩ ያለውን ፋይል አየሁት። ከሳሽ፣ አቶ ሞላ። ተከሳሽ፣ ወይዘሮ ዘነበች።

«ዘነበች ማለት…»

«እኔ ነኝ» አለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ብዙ አሰብሁ፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚያስብ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «አይዞዎት፣ አስብበታለሁ» ብዬ ብሸኛትስ? ሰኞ ችሎት ውስጥ ተነሥቼ ስታየኝስ? ጥያቄውን ጠየቅሁም ተውሁም፣ ፊቷን እንዴት አየዋለሁ?

«እናቴ» አልኋት፣ «የሞላ ጠበቆች እኛ ነን። ሰኞ አባን የምጠይቃቸው እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቷን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው። የፌስታሉ አፍ አልከፈት አላት። ልርዳት ብዬ እጄን ስዘረጋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ከእኔ እጅ ስታድነው ነው።

«ምነው? ሳልናገር ብትነግረኝ ምነው?» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። የተናገረው አፍ የእሷ ነው፤ አፋፉ ላይ ግን አብረን ቆምን።

አባቴን አልፋው ስትወጣ አልተሰናበተችውም። ተማሪዎቹ ዜማውን ይዘው ነበር። አባቴ እጁን አነሣ፤ ጸጥ አሉ። በጧት ትምህርት ሲያቋርጥ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ገብቶ በሩን ዘጋ። «ምን አደረግሃት?»

ልነግረው የምችለውን ነገርሁት፤ ለእኔ ልትነግረኝ የማይገባትን ነገር ነገረችኝ፣ ተከራካሪዋ የእኛ ደንበኛ ነው አልሁት። አባቴ እሷ በተነሣችበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለ። ቆየና፣ «ካህን በንስሐ የሰማውን ቢያወጣ ክህነቱ ይፈርሳል። የእናንተ ሕግ ምን ይላል?»

«የእኛም በአደራ የሰማኸውን አታውጣ ይላል። ደግሞ ለደንበኛህ የሚጠቅመውን አትደብቀው ይላል።»

«ሁለት አፍ አለዋ!»

«አለው።»

«የትኛውን ትሰማለህ?»

«አላውቅም።»

«በል እወቅ» አለኝ እየተነሣ። «ሰኞ ሩቅ አይደለም።»

ለጋሽ ዘውዱ ደወልሁ። ኔትወርክ የለም። ቤቱ አዘዞ ነው፤ ባጃጅ ይዤ ልሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም። ለራሴ ኔትወርኩ እስኪመለስ ነው አልሁት። ፍርሃት እንደሆነ እኔም ኔትወርኩም እናውቅ ነበር። ተቀምጬ ፋይሉን አነበብሁት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ቀጭን ፋይል ነው፣ ደካማ ነው። ያለዚያች አንዲት ጥያቄ እንሸነፋለን። ከእሷ ጋር እናሸንፋለን። ያን የመሰለ ነገር ለአንድ ወጣት ጠበቃ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኮላ ድባ ላይ ስሜ ይነሣ ነበር። ይህን አላሰብሁትም ብላችሁ ውሸቴን ነው።

ዓርብ ከትርንጎ ቀድሜ ቢሮ ደረስሁ። ጋሽ ዘውዱ ሲገባ ተከትዬው ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«ትናንት የአያ ሞላ ተከራካሪ ቤቴ መጥታ አማከረችኝ» አልሁት። «ማን እንደሆነች ሳላውቅ ጉዳይዋን ሰማሁ።»

«ምን ነገረችህ?»

«አልናገርም።»

መነጽሩን አወለቀ። ጋሽ ዘውዱ መነጽሩን ካወለቀ ዳኛም ይጠነቀቃል።

«ይጠቅመናል?»

«አልናገርም አልሁህ እኮ ጋሼ።»

«ባይጠቅም ኖሮ አይጠቅምም ትለኝ ነበር። እንግዲህ ነገርኸኝ ማለት ነው።»

እዩልኝ! ዝም አይነቅዝም ይባላል። ጠበቃ ፊት ዝምታም ይነቅዛል።

ተነሥቶ መስኮቱ ዘንድ ሄደ። ታች ባጃጆቹ ይንጫጫሉ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ሰኞ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለ። «ምስክሮቹን አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ። ሲነበብ የት ነበርህ? ማን አነበበው? ማን ቀድሞ ፈረመ? ማንም ጠበቃ የሚጠይቀው ነው። አንተ ምንም አልነገርኸኝም።»

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ያቺው ራሷ ነበረች። ፊቴን እንዳያነበው ወደ ወለሉ አጎነበስሁ። ዞር ሲል ማጎንበሴን አየው።

ትርንጎ ከወዲያ በኩል ገብታ ወንበር ስትጎትት ይሰማል። ከዚያ ወንበሯ ዝም አለ፤ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋለች።

«ይህን ጥያቄ ከትናንት በፊት አስቤው ነበር ብል ማን ያምነኛል?» አለ ጋሽ ዘውዱ በመጨረሻ። «እኔው ራሴ አላምነኝም።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ትርንጎ! አያ ሞላ ነገ እንዲመጣ ደውይለት። ከጉዳዩ ልንወጣ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «በጥብቅና ዘመኔ ሁለት ጉዳይ ጥዬ ወጥቻለሁ። አንደኛው ባለጉዳዬ ሞቶ ነው። ሁለተኛውን አንተ ገደልኸው።»

ቅዳሜ አያ ሞላ መጣ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ሽመሉን ከበሩ አጠገብ አቁሞ፣ ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይመስልም። ያን መሬት ከወንድሙ ጋር ከልጅነቱ ጀምሮ ያረሰ፣ ድንጋዩን በእጁ የለቀመ ሰው ነው። የአባቱ መሬት ከቤት እንደወጣበት ነው የሚቆጥረው።

«አያ ሞላ፣ ጉዳይህን ልንይዝልህ አንችልም» አለው ጋሽ ዘውዱ።

«ምነው?»

«ምክንያቱን መናገር አልችልም።»

«ታመሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«ገዝታህ ነው?»

የጋሽ ዘውዱ ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው ነጡ። ይመታዋል ብዬ ነበር። «ማንም አልገዛኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ ጠበቃ ያዝ። ፍርድ ቤቱ ቀን ይሰጥሃል፤ እኔ ራሴ አስታውቅልሃለሁ።»

«ጠበቃየ ነበርህ። የሰማኸው ነገር ካለ የሰማኸው ለእኔ ነው። ንገረኝ።»

ልክ ነበር። ሰውየው ልክ ነበር።

«እኔ አላውቀውም» አለ ጋሽ ዘውዱ። «የሚያውቀው ደግሞ አይናገርም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። አያ ሞላ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

«አንተ ነህ?»

ዝም አልሁ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የየኔታ ክንፈ።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ቁጣ ይሁን፣ ንቀት ይሁን፣ አልለየሁትም። ከዚያ ተነሣ፣ ፋይሉን ከጠረጴዛው አንሥቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሽመሉን ይዞ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሽመሉ በየእርከኑ ሲመታ እስከ ታች ሰማሁት።

አለቀ ብላችሁ ይሆናል። ምኑ ያልቃል! ፍርድ ቤቱ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ። ያቺ ጥያቄ እኮ ተራ ጥያቄ ናት። አያ ሞላ የሚይዘው ሌላ ጠበቃ፣ ከማንም ምንም ሳይሰማ፣ በገዛ ራሱ ይጠይቃታል። «አባ፣ የት ነበሩ?» ይላል። ያን ጊዜ የሙሉ እናት ማንን ትጠረጥራለች? አባቴስ? ምስጢሩን ጠብቄ ምስጢር አውጭ ልባል ነው። አላወጣሁም ብዬ በምን አስረዳለሁ? ያልተናገሩትን የሚመሰክር ምስክር የት ይገኛል?

የሙሉ እናት በደጃችን ማለፍ ተወች፤ በታችኛው መንገድ ዞራ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። ሙሉ መንገድ ላይ አግኝታኝ አንገቷን አዞረች። አባቴ እኔን አልተናገረኝም። ነገር ግን አንድ ማክሰኞ ኮምፒውተሬ ላይ አቀርቅሬ ከበር ላይ ድምፁን ሰማሁ። ሊያማክረኝ የመጣ ሰው እየመለሰ ነው። «ልጄ ሥራ ላይ ነው» ይላል። ያን ቃል ከአባቴ አፍ ለመስማት ስንት ሳምንት ተመኝቻለሁ። ሲመጣ ግን እንደ ቅጣት ሆነብኝ።

የቀጠሮው ሰኞ ደረሰ። ቢሮ ነበርሁ። አንድ ገጽ ውል ሳነብ ዋልሁ። ትርንጎ ሁለት ጊዜ ሻይ አመጣችልኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀዝቅዞ መለሰችው። ከፍርድ ቤት ምንም ወሬ አልመጣም። ለማንስ ይደወላል? ጉዳዩ የእኛ አይደለም።

በማግስቱ ቤት ነኝ። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። በእጅ አይደለም፤ በሽመል ነው። አባቴ ሲከፍት፣ «ልጄ ሥራ ላይ ነው» ሲል ሰማሁ።

«ሥራውን ነው የምፈልገው» አለ የአያ ሞላ ድምፅ።

በመስኮት አየሁ። ከኋላው የሙሉ እናት አለች። አባቴ እሷን ይዞ ወይራዋ ሥር ቀረ። አያ ሞላ ብቻውን ገባና ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም።

«ጨርሰናል» አለኝ።

«ምኑን?»

«ነገሩን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። እሷ በሕይወት እስካለች መሬቱ የእሷ ነው። እኔ አርሳለሁ፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ከእሷ በኋላ ወደ ልጆቸ ይመለሳል። ትናንት ለዳኛው ነግረን መዝገቡ ተዘጋ።»

ተመስገን አልሁ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። ይህ ሰው እኛ ዝም ያልነው የእሷ ወረቀት የማይነቃነቅ ሆኖብን ነው ብሎ ይሆናል። ፈርቶ ነው የታረቀ። ያሸንፍ የነበረውን ነገር በእኔ ዝምታ አጣ። ደንበኛዬ ነበር እኮ!

በጥንቃቄ ጠየቅሁት። «አያ ሞላ፣ ምን አሳሰበዎት? ወረቀቷ ጠንካራ መስሎዎት ነው?»

ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ወረቀቷማ ደካማ ነው። አባ የፈረሙት እሑድ አይደል?»

ከወንበሬ ብድግ አልሁ።

«እንዴት አወቁ?»

«እንዴት አላውቅ! እሑድ አባን ከመኪና መውረጃው ተቀብየ ቤት ያደረስኋቸው እኔ ነኝ። ለምን እንደተጠሩም በመንገድ ነገሩኝ። እሷ ወንድሜ ራስጌ ነበረች፣ እኔን የት ታየኛለች?»

«ታዲያ ለእኛ ለምን አልነገሩንም?»

ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ ወደ መስኮቱ መለሰ። «ተናድጀ ነበር» አለ። «ወንድሜ ለእኔ አንዲት ስንዝር መሬት እንኳ ሳይል መሞቱ አንጀቴን በላው። ግን አባ የእኔም የንስሐ አባት ናቸው። ያንን ነገር ከአፌ አውጥቸ እሳቸውን አደባባይ ላቆም? አልሆነልኝም። ጠበቆቹ ፈልፍለው ያግኙት፣ ነውሩም የእነሱ ይሁን አልሁ። ከዚያ ጥላችሁ ወጣችሁ። እሷ የምትኖረው ከየኔታ ክንፈ ደብር ጀርባ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ የየኔታ ልጅ ነኝ ስትለኝ ገባኝ። አገኛችሁት፤ አግኝታችሁም አፈራችሁበት። ጠበቃ ያፈረበትን ነገር እኔ ተሸክሜው ወዴት እገባለሁ?»

ምን ልበለው? አፍረን አይደለም፣ ደንቡ ነው ልበለው? ዝም አልሁ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ዝምታዬን እንደወደደ ይተርጉመው።

«ሸጋ ልጅ ነህ» አለኝ ሲነሣ። «ግን እናንተ ሰዎች ሥራ አታውቁም። ወረቀት አምጣ አላችሁኝ፣ አመጣሁ። ምን አየህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንድ ቀን ኮላ ድባ ብትመጣ ማን ያልነገረህ! ሦስቱ ምስክሮች ለሚስቶቻቸው ነግረዋል። ሚስቶቻቸው ገበያ ውለዋል። ማንም አያውቅብኝም የምትለው እሷ ብቻ ናት።»

ከወይራዋ ሥር የሙሉ እናት ድምፅ ይሰማል፤ ለአባቴ አንድ ነገር እየነገረችው ትስቃለች። ስወጣ አየችኝ። ወዲያው አልሳቀችልኝም፤ ጥቂት አስጠበቀችኝ። ከዚያ «ከሳህ» አለችኝ። እንደ ይቅርታ ቆጠርሁት።

አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሲሉ ሰምታችኋል? እኔ እንቅልፌን፣ ጋሽ ዘውዱ ጉዳዩን የሰጠንለት ምስጢር ኮላ ድባ ገበያ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የከረመ ነው። ገበያው ማወቁን የማናውቀው እሷ፣ ዳኛውና እኛ ነበርን።

ረቡዕ ቢሮ ገብቼ ለጋሽ ዘውዱ ሁሉንም ነገርሁት። አሁንማ ምን ምስጢር አለ? እስክጨርስ ሰማኝ። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልሳቀም። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልተቆጣም።

«ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ቤትህ አትሠራም» አለኝ።

«ቢሮ ልግባ?»

«ቢሮ ምን ያደርግልሃል? ኮላ ድባ ሂድ። ገበያ መሐል ቁጭ ብለህ ሥራ።»

ትርንጎ ከወዲያ ክፍል ቀና አለች።

«እዚያማ ጠበቃ ምን ይሠራላቸዋል?» አለች። «ሁሉን ያውቁት የለ?»